ሳህኑ ላይ የቀረው ግማሽ፦ ከስትሮክ በኋላ ስለሚዛባ እይታ

(ለስትሮክ ታማሚዎችና ለአስታማሚ ቤተሰቦች የተደረገ ንግግር። ለንባብ እንዲመች ጥቂት ተስተካክሏል።)

ጤና ይስጥልኝ። ታማሚ ደግፋችሁ ደረጃውን ስትወጡ አይቻለሁ፤ ስለዚህ ከሁሉ በፊት አረፍ በሉ። በመሀል መነሳትም፣ መጠየቅም፣ «አልገባኝም» ማለትም ይቻላል።

በአንድ ቅሬታ ልጀምር። ከዓመታት በፊት አንዲት ሴት አባቷን ይዛ ወደምሠራበት ክፍል መጣች። አባትየው ስትሮክ ካጋጠማቸው ሁለት ወር አልፏቸዋል። እግራቸው እየጠና ነው፤ ንግግራቸው ጥርት ያለ ነው፤ ጨዋታቸውም አልተለያቸውም። ልጅቷ ግን ሆድ ብሷታል። «አባቴ እኔን አኩርፎኛል» አለችኝ። ወንድሟ ሲገባ ፈገግ ብለው ይቀበሉታል፣ ያወጉታል። እሷ ስትገባ ዘወር ብለው እንኳ አያዩዋትም። ምግብ ስታቀርብላቸው ግማሹን በልተው ግማሹን ይተዉታል፤ ትንሽ ቆይተው ደግሞ «ምነው ዛሬ አሳነስሽብኝ?» ይሏታል። ቀን ከሌሊት የምታስታምማቸው እሷ ናት። «ምን እንዳስቀየምኩት ባውቅ ይቅርታ እጠይቀው ነበር» ስትል ዕንባዋ መጣ።

እኔ የጠየቅኳት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «አልጋው አጠገብ የምትቀመጪው በየት በኩል ነው?» በግራቸው በኩል ነበር። የወንድሟ ወንበር በቀኝ ነው። ምሳቸው ገና አልተነሳም ነበርና ሳህኑን ይዤ አዞርኩት፤ ግራ የነበረው ቀኝ ሆነ። አባትየው ጎንበስ ብለው አዩና «ይኸው፣ አሁን ጨመራችሁልኝ» ብለው የቀረውን በሉ።

ኩርፊያ አልነበረም። ለእሳቸው የዓለም ግራ ጎን ጠፍቶ ነበር፤ መጥፋቱንም አላወቁም። ዛሬ የመጣሁት ይህን ሁለተኛውን ነገር፣ አለማወቁን፣ ላስረዳችሁ ነው። ስትሮክ እጅና እግር ሲይዝ ሁሉም ያየዋል። አፍ ሲይዝም ሁሉም ይሰማዋል። እይታ ሲወስድ ግን ከታማሚውም ከቤተሰቡም ይደበቃል። ከዚያ በኋላ ያለው ነገር ሁሉ ሌላ ስም ይወጣለታል፤ ስንፍና፣ ዝንጋታ፣ ኩርፊያ፣ እርጅና።

አሁን ከጆሯችሁ ጀርባ ያለውን ግድግዳ አስቡ። ምን ቀለም ሆኖ ይታያችኋል? ጥቁር ነው? አይደለም። ጥቁርም ነጭም አይደለም፤ ጭራሽ የለም። ባለመኖሩም ቅር ብሏችሁ አያውቅም። ከስትሮክ በኋላ የሚጠፋ እይታ አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ነው የሚጠፋው። ሰዎች መጋረጃ እንደወረደባቸው ወይም ጥቁር ነገር እንደሸፈናቸው ይናገራሉ ብለን እንጠብቃለን። እንደዚያ የሚሉም አሉ። ብዙዎቹ ግን የሚሉት «በሩ ይገጨኛል»፣ «ሰዎች ድንገት ፊቴ ብቅ ይላሉ»፣ «ማንበብ አስጠላኝ» ነው።

ለምን እንዲህ እንደሚሆን ለመረዳት ብርሃን ዓይን ውስጥ ከገባ በኋላ የት እንደሚሄድ ማወቅ ይጠቅማል። እጃችሁን ከማጅራታችሁ ከፍ አድርጋችሁ የራስ ቅላችሁ ጎበጥ ያለበት ቦታ ላይ አሳርፉ። የምታዩት እዚያ ነው። ዓይን ብርሃን ይቀበላል፣ ሬቲና ብርሃኑን ወደ ነርቭ መልእክት ይለውጣል፣ ከእያንዳንዱ ዓይን አንድ ሚሊዮን ገደማ የነርቭ ክሮች መልእክቱን ተሸክመው ይነጉዳሉ፤ መድረሻቸው ግን ከፊት ሳይሆን ከአንጎል የመጨረሻው ጀርባ ነው። መንገዱ ረጅም ነው። ረጅም መንገድ ደግሞ ብዙ የሚቆረጥበት ቦታ አለው።

በመንገዱ ላይ አንድ መስቀለኛ አለ። እዚያ ላይ ከየዓይኑ የሚመጡት ክሮች ግማሽ ያህሉ ይሻገራሉ። ውጤቱም ይህ ነው፤ ከፊታችሁ በስተግራ ያለው ዓለም፣ በግራ ዓይን ቢታይ በቀኝ ዓይን፣ ሁሉም ወደ ቀኝ አንጎል ይሄዳል። በስተቀኝ ያለው ወደ ግራ አንጎል። አንጎል ዓይንን ከዓይን አይለይም፤ የሚከፋፍለው ጎንን ነው። ስለዚህ የቀኙን የኋላ አንጎል የሚመግበው የደም ሥር ከተዘጋ የሚጠፋው ግራ ዓይን አይደለም። በሁለቱም ዓይኖች የዓለም ግራ ግማሽ ይጠፋል። ሐኪሞች ሄሚያኖፒያ ይሉታል።

ይህ እውቀት ከየት እንደመጣ ብነግራችሁ አይከፋኝም። በ1904 እና በ1905 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው) ሩሲያና ጃፓን ሲዋጉ ታትሱጂ ኢኖዬ የሚባል ወጣት ጃፓናዊ የዓይን ሐኪም ነበር። የዚያ ዘመን አዲስ ጠመንጃ ጥይቱ ትንሽና ፈጣን ስለነበር የራስ ቅልን በስቶ ወጥቶ ሰውየውን ሳይገድለው ይቀራል። ኢኖዬ ጥይቱ የገባበትንና የወጣበትን እየለካ፣ ወታደሩ የትኛውን የእይታ ክፍል እንዳጣ እየመዘገበ፣ የትኛው የአንጎል ቦታ የትኛውን የእይታ ክፍል እንደሚያስተናግድ ካርታ አወጣ። በ1909 አሳተመው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት በእንግሊዝ ጦር ውስጥ ያገለገለው የአየርላንድ ተወላጅ ሐኪም ጎርደን ሆምስ ሥራውን አጠራው። ዛሬ ሐኪማችሁ ጣቱን እያወዛወዘ «ይታይሃል?» ሲል የሚመራበት ካርታ በቆሰሉ ሰዎች ጭንቅላት ላይ የተሳለ ነው።

ወደ ቤታችን እንመለስ። ሄሚያኖፒያ ያለበት ሰው ብዙ ጊዜ «ግራ ዓይኔ ደከመ» ይላል። ይህን ሰምቶ ዓይንን ብቻ የሚመረምር ሰው ዓይኑን ጤነኛ ያገኘዋል፤ መነጽር ያዛል፤ መነጽሩ አይረዳም። መነጽር ሦስት ጊዜ ቀይረው የመጡ ሰው አውቃለሁ፤ ሦስቱንም በኪሳቸው ይዘው ነበር። አንድ ደቂቃ የማይፈጅ ነገር ግን ይህን ያጣራል። አንዱን ዓይን ሸፍኖ ማየት፣ ቀጥሎም ሌላውን። ግራ ዓይን ተሸፍኖም ቀኝ ዓይን ተሸፍኖም በዚያው ጎን ያለው ነገር ከጠፋ ችግሩ ከዓይን ጀርባ ነው። አንዱ ዓይን ሲሸፈን ብቻ ከጠፋ፣ ችግሩ ያው ባልተሸፈነው ዓይን ውስጥ ወይም እሱን በሚመግበው የደም ሥር ነው ማለት ነው።

ስለ ንባብ አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ሰው «ጭንቅላቴ ደክሟል» ብሎ መጽሐፍ የሚተወው በዚህ ምክንያት ነውና። እንደ እኛ ከግራ ወደ ቀኝ በሚነበብ ጽሑፍ ግራ እይታው የጠፋበት ሰው የመስመሩ መጀመሪያ ይጠፋበታል። መስመሩን ጨርሶ ሲመለስ ከመሀል ይጀምርና ዓረፍተ ነገሩ ትርጉም ያጣል። ቀኝ እይታው የጠፋበት ደግሞ ችግሩ ሌላ ነው፤ ስናነብ ዓይናችን ወደፊት እየዘለለ ቀጥሎ የሚመጣውን ቃል አስቀድሞ ያሸታል፤ የዚህ ሰው ዓይን ግን በየዝላዩ ጭጋግ ውስጥ ይወድቃል። እያንዳንዱ ቃል ድንገተኛ ነው። ሁለቱም ሰዎች ማንበብ አልረሱም። የመጀመሪያው የግራ ኅዳግ ላይ ደማቅ ቀይ መስመር ቢሰመርለትና «ቀዩን ሳታይ አትጀምር» ቢባል ብዙ ይሻሻላል። ለሁለተኛው ትልቅ ፊደል፣ ከመስመሩ ሥር የሚቀመጥ ማስመሪያ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ትዕግሥት ያስፈልገዋል።

ያ የጠፋው ግማሽ ግን ሁልጊዜ ፍጹም ጨለማ አይደለም። በ1917 ጆርጅ ሪዶክ የተባለ ሐኪም ጭንቅላታቸው የቆሰሉ ወታደሮችን ሲመረምር፣ በጠፋው ጎን የቆመ ነገር የማይታያቸው ሰዎች ሲንቀሳቀስ ግን «የሆነ ነገር አለፈ» እንደሚሉ ጻፈ። ከዚህም የሚገርም አለ። በሳይንስ ጽሑፎች ቲ ኤን እየተባለ የሚጠራ ሰው ሁለት ስትሮክ ተከታትሎበት የኋላ አንጎሉ በሁለቱም በኩል ተጎድቶ ሙሉ በሙሉ ዓይነ ስውር ሆኗል። ተመራማሪዎች ዕቃ የተበታተነበት ረጅም ኮሪደር ላይ ያለ በትር እንዲራመድ ጠየቁት። አንዱንም ሳይነካ ዞሮ ዞሮ አለፈ። ዕቃ መኖሩን ግን አያውቅም ነበር። ዘገባው በ2008 ወጥቷል። ከዓይን ወደ አንጎል ከዋናው ጎዳና ሌላ ጠባብ መተላለፊያዎች አሉ፤ እነሱ ያሳልፉታል፣ «አየሁ» የሚለውን ስሜት ግን አይሰጡትም።

አሁን የልጅቷ አባት ወደነበራቸው ችግር ልምጣ። እዚህ ላይ ሰፋ አድርጌ እቆያለሁ፤ ቤት የሚያጣላው ይህ ነው።

ሄሚያኖፒያ ያለበት ሰው ጊዜ ሲሰጠው ጉድለቱን ያውቀዋል፤ ራሱን ወደዚያ ማዞር ይለምዳል። ኒግሌክት የምንለው ግን ሌላ ነው። እዚህ የጎደለው ትኩረት ነው። ዓይኑም፣ አንዳንዴም የኋላ አንጎሉ ጤነኛ ሊሆን ይችላል። የሚጎዳው ብዙውን ጊዜ የቀኝ አንጎል የላይኛው የጎን ክፍል ነው፤ የሚጠፋውም ግራ ነው። «ልብ ካላየ ዓይን አያይም» ስንል ልጆቻችንን ለመገሠጽ ነበር፤ ለእነዚህ ሰዎች ግን ቃል በቃል የሕመማቸው መግለጫ ነው።

ቀኝ ጎን ለምን እምብዛም አይጠፋም? የግራ አንጎል በዋናነት ወደ ቀኝ ነው የሚጠብቀው። የቀኝ አንጎል ግን ሁለቱንም ጎን ይጠብቃል ተብሎ ይታመናል። የግራው ዘበኛ ቢታመም የቀኙ ይሸፍንለታል። የቀኙ ሲታመም ግን ግራውን የሚሸፍን የለም።

ይህ ያለበት ሰው ጺሙን በቀኝ በኩል ብቻ ይላጫል። የግራ እጅጌውን ሳያጠልቅ ለብሼ ጨረስኩ ይላል። ሰዓት ሳል ሲባል ክቡን በሙሉ ይሥላል፤ ቁጥሮቹን ግን ከ1 እስከ 12 ቀኝ በኩል አጨናንቆ ይደረድራቸዋል። ወረቀት ላይ የተሰመረ መስመር ተሰጥቶት እኩሌታው ላይ ምልክት አድርግ ሲባል ወደ ቀኝ አርቆ ያደርጋል። ዊልቸር የሚገፋ ከሆነ በግራ በኩል ያለውን የበር መቃን ሁሉ ይመታል፤ ይቅርታም አይልም፤ የመታው ነገር የለማ።

የማየት ብቻ ጉዳይ ቢሆን ኖሮ ዓይን ተጨፍኖ በሐሳብ ሲታይ ችግሩ በጠፋ ነበር። በ1978 ሁለት ጣሊያናውያን ተመራማሪዎች፣ ኤዶአርዶ ቢዚያክና ክላውዲዮ ሉዛቲ፣ ሚላን ውስጥ ያደረጉት ነገር ይህን ገለጠው። ታማሚዎቹ የሚላንን የካቴድራል አደባባይ ከልጅነታቸው ጀምሮ ያውቁታል። «ካቴድራሉ ፊት ለፊታችሁ ሆኖ አደባባዩ ጫፍ ላይ እንደቆማችሁ አስቡ፤ ምን ይታያችኋል?» ተባሉ። በቀኝ በኩል ያሉትን ሕንፃዎች ዘረዘሩ፤ የግራዎቹን ተዉ። ቀጥሎ «አሁን ደግሞ ካቴድራሉ ደጃፍ ላይ ሆናችሁ ወደዚህ ዙሩ» ተባሉ። በዚህ ጊዜ ቅድም የተዉዋቸውን ሕንፃዎች ጠሩ፤ ቅድም የጠሯቸውን ተዉ። ትዝታቸው ሙሉ ነበር። በሐሳባቸው ውስጥም ግን ግራ የሚባል ጎን አልነበረም። ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ ያነበብኩ ቀን ታማሚዎችን «ልብ በል እንጂ!» ማለት አቆምኩ።

ሌላም ልንገራችሁና ልለፍ። በ1988 ጆን ማርሻልና ፒተር ሃሊጋን ለአንዲት ታማሚ ሁለት የቤት ሥዕሎች አሳዩዋት። ሁለቱ አንድ ዓይነት ናቸው፤ የአንደኛው ግራ ጎን ግን በእሳት ይነዳል። «ልዩነት አላቸው?» ስትባል «አንድ ናቸው» አለች። «የትኛው ውስጥ መኖር ትመርጫለሽ?» ስትባል ጥያቄው ሞኝነት መሰላት፤ ሆኖም ደጋግማ የመረጠችው የማይነደውን ነው። ያላየችው እሳት አስፈርቷታል። ስለዚህ እቤት ያሉ አባት ወይም እናት ግራ በኩል ስትቀመጡ ባያዩዋችሁም፣ መኖራችሁ ጨርሶ አይደርሳቸውም ብዬ አልናገርም።

አንዳንድ ሰው ከዚህም አልፎ ሽባ የሆነውን ግራ እጁን «ይህ የእኔ አይደለም» ይላል። ወይም ፈጽሞ ሽባ አልሆንኩም ብሎ ይከራከራል። ጆሴፍ ባቢንስኪ በ1914 ለዚህ አለማወቅ አኖሶግኖዚያ የሚል ስም አወጣለት። እይታቸው በሁለቱም በኩል ጠፍቶ «ደህና አያለሁ፣ ክፍሉ ጨልሞ ነው» የሚሉም አሉ። ከእነዚህ ሰዎች ጋር አትሟገቱ። ቀጣፊዎች አይደሉም። አንጎል ያላየውን ነገር አላየሁም ለማለት እንኳ የሚያይ ሌላ ክፍል ያስፈልገዋል፤ የተጎዳው እሱ ነው።

አንዱ ነገር ሁለት ሆኖ የመታየት ችግር አለ፤ እሱን በአጭሩ እነካዋለሁ። የአንጎል ግንድ ላይ የሚደርስ ስትሮክ የዓይን ጡንቻዎችን የሚያዙ ነርቮችን ሲይዝ ሁለቱ ዓይኖች አንድ ቦታ ማነጣጠር ያቅታቸዋል። አንዱ ዓይን ሲሸፈን ድርቡ ይጠፋል። ታማሚው ራሱ ወዲያው ያውቀዋል፤ ያማርራልም፤ ስለዚህ እርዳታ የማግኘት ዕድሉ የተሻለ ነው። መነጽር ላይ የሚለጠፍ ፕሪዝም (ብርሃንን አጥፎ ምስሉን የሚያንሸራትት ሌንስ) ወይም የዓይን መሸፈኛ ይታዘዛል፤ ብዙውም በወራት ውስጥ እየቀለለ ይሄዳል።

ማየት ሌላ፣ ያዩትን ማወቅ ሌላ ነው። በ1892 ፈረንሳዊው ሐኪም ጁል ደዠሪን ያቀረበው ታማሚ አንድ የተማረ ነጋዴ ነበር። ሰውየው ማንበብ አቃተው። ዓይኔ ነው ብሎ ሄደ። ፊደሎቹ በግልጽ ይታዩታል፤ ቅርጻቸውን ይገልጻል፤ ስማቸው ግን አይመጣለትም። ወረቀት ሲሰጡት አሳምሮ ይጽፋል። ትንሽ ቆይተው የጻፈውን መልሰው ሲያሳዩት አንዲት ቃል አያነብም። ፊደሉን በጣቱ ሲከተለው ግን ያውቀዋል፤ እጁ ዓይኑን ያስተምረው ነበር። ሰውየው ሲሞት አንጎሉ ተመረመረ። የግራው የኋላ ክፍል ከሁለቱ የአንጎል ግማሾች ድልድይ የኋላ ጫፍ ጋር ተጎድቷል። የቀኝ አንጎሉ ፊደሉን ያያል፤ ቋንቋ ወዳለበት ወደ ግራ የሚያሻግረው ድልድይ ግን ፈርሷል። ዛሬም እንዲህ ያለ ሰው ያጋጥማል። ቤተሰብ «ይጽፋል፣ አያነብም፤ ያስመስላል» ይላል። አያስመስልም።

ፊት የማይለዩም አሉ። ዮአኪም ቦዳመር በ1947 ስም የሰጠው ችግር ነው። ባለቤቱ ስትገባ አያውቃትም፤ «እንደምን ዋልክ» ስትለው በድምጿ ያውቃታል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ስትገቡ ስማችሁን ተናገሩ፤ «እስቲ ማን ነኝ?» ብላችሁ ደግሞ አትፈትኑ። ይህ ፈተና ቤት ውስጥ ከሚደረጉ ነገሮች ሁሉ ይልቅ ያናድደኛል። በፍቅር ነው የሚደረገው፤ ታማሚውን ግን በቀን አሥር ጊዜ ያዋርደዋል።

እንቅስቃሴ ብቻ የሚጠፋባቸውም አሉ፣ እጅግ ጥቂት ቢሆኑም። በ1983 ጆዜፍ ሲልና ባልደረቦቹ ከሙኒክ ስላቀረቧት ሴት ላንሳ። የአንጎሏ የደም መልስ ሥር በረጋ ደም ተዘግቶ ነበር። ሻይ ስትቀዳ ፈሳሹ እንደ በረዶ ቀጥ ብሎ ቆሞ ይታያታል፤ ስለዚህ መቼ ማቆም እንዳለባት ሳታውቅ ይፈስባታል። መንገድ ስትሻገር መኪናው ሩቅ ነው፤ ቀጥሎ አጠገቧ ነው፤ በመሀል ያለው የለም። ቀለምም ቅርጽም ደህና ናቸው። እይታ የምንለው ነገር አንድ አለመሆኑን ከዚህች ሴት የበለጠ ያሳየ ሰው አላውቅም።

አሁን ሰዎች በሹክሹክታ ስለሚጠይቁኝ ነገር ልናገር። በጠፋው የእይታ ጎን የሌለ ነገር የሚታያቸው አሉ። መስመርና ብልጭታ፣ የአበባ ቅርጽ፣ እንስሳ፣ ያለ ድምፅ የሚያልፉ ሰዎች። አንዲት እናት ለስድስት ሳምንት ለማንም ሳይናገሩ ቆይተዋል። ልጆቻቸውን አስወጥተው በሩን አዘግተው ነው የነገሩኝ፤ «አበደች እንዳይሉኝ» ብለው። ይህ እብደት አይደለም። ቻርልስ ቦኔት የሚባል ስዊዘርላንዳዊ በ1760 ስለ አያቱ ጽፎታል፤ አያትየው በዓይን ሞራ እይታቸው ደክሞ አእምሯቸው ንጹሕ ሳለ ሰዎች፣ ወፎችና ሠረገላዎች ያዩ ነበር። ከዓይን መልእክት የተቋረጠበት አንጎል ሥራ አይፈታም፤ ራሱ ይሥላል። ሰውየው እውነት አለመሆኑን ካወቀና የሚታየው ነገር ድምፅ ከሌለው ብዙ ጊዜ ማስረዳት ብቻ ይበቃል፤ በጊዜም ይቀንሳል። ድምፅ ከተሰማው፣ እውነት ነው ብሎ ካመነ፣ ወይም ከቀን ቀን ግራ እየተጋባ ከሄደ ግን ሌላ ምክንያት ሊኖር ስለሚችል ሐኪም ይየው። ለማንኛውም ጠይቋቸው። ካልጠየቃችኋቸው አይነግሯችሁም።

መጠየቅ ካልኩ ዘንድ፣ ከስትሮክ ከተረፉ ሰዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት አንድ ዓይነት የእይታ ችግር ይገጥማቸዋል። ከሆስፒታል ሲወጡ ግን እጅ፣ እግርና ንግግር ተመርምሮ እይታ ሳይነሳ የሚቀርበት ጊዜ ብዙ ነው። «እይታውን መርምሩልን» ማለት የእናንተ ድርሻ ይሁን። ቤት ውስጥም ፊት ለፊት ተቀምጣችሁ ታማሚው አፍንጫችሁን እያየ ጣታችሁን በግራ፣ ከዚያ በቀኝ አወዛውዙ፤ በመጨረሻም ሁለቱንም በአንድ ጊዜ። በየተራ ሲሆን ሁለቱንም የሚያይ፣ በአንድ ጊዜ ሲሆን ግን አንዱን ብቻ የሚያይ ሰው አለ። ያም ቀለል ያለው የኒግሌክት ፊት ነው። ይህ የሐኪምን ምርመራ አይተካም፤ ወደ ሐኪም ስትሄዱ ግን ባዶ እጃችሁን አትሄዱም።

ይመለሳል ወይ ትሉኛላችሁ። የጠፋው የእይታ ግማሽ ራሱ የሚመለስ ከሆነ አብዛኛው በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ነው፤ ከስድስት ወር በኋላ የሚጨመረው ትንሽ ነው። ኒግሌክት ከዚህ የተሻለ ተስፋ አለው፤ በብዙዎች ላይ በሳምንታትና በወራት ውስጥ እየቀነሰ ይሄዳል። «የጠፋውን እይታ እንመልሳለን» እያሉ የኮምፒዩተር ልምምድ የሚሸጡ አሉ፤ ማስረጃቸው ደካማ ስለሆነ ገንዘባችሁን ከማውጣታችሁ በፊት ሐኪማችሁን አማክሩ። የሚሠራው ነገር እምብዛም ውብ አይደለም፤ ዓይንንና ራስን ወደ ጠፋው ጎን ደጋግሞ፣ ሰፋ አድርጎ መወርወር መልመድ ነው። በቀን ለጥቂት ጊዜ፣ ለሳምንታት። እይታው አይሰፋም፤ ዓይኑ ግን ፍለጋ ይማራል።

ለኒግሌክት ደግሞ ኢቭ ሮሴቲና ባልደረቦቹ በ1998 ያሳዩት ብልሃት አለ። ታማሚው ዓለምን ወደ ቀኝ የሚያንሸራትት የፕሪዝም መነጽር አድርጎ ለጥቂት ደቂቃ ፊት ለፊቱ ያለን ነገር በጣቱ ይጠቁማል። መጀመሪያ ወደ ቀኝ ይስታል፤ እየታረመ ይሄዳል። መነጽሩ ሲወልቅ እጁ ወደ ግራ ይሄዳል፤ ትኩረቱም አብሮት ለጥቂት ሰዓታት ወደ ግራ ይሳባል። ከዚያ በኋላ የወጡት ጥናቶች በአንድ ድምፅ አልተናገሩም፤ አንዳንዱን ሰው በጣም ይረዳል፣ አንዳንዱን ምንም። ግን ጉዳት ስለሌለው ቢሞከር አልቃወምም።

ቤት ውስጥ ከዚህ ሁሉ በላይ የሚረዳው ብርሃንና ንፅፅር ነው። ነጭ ጠረጴዛ ላይ ነጭ ስኒ አታስቀምጡ። የደረጃውን ጠርዝ በደማቅ ፕላስተር ለጥፉት። ስትራመዱ በጠፋው ጎን በኩል ቁሙ። መኪና መንዳትን በተመለከተ ግን አልለሳለስም፤ የእይታ ክልሉ በባለሙያ ተለክቶ ፈቃድ እስኪሰጥ ድረስ መሪ አይያዝም። «መንገዱን አውቀዋለሁ» የሚለው መልስ አይሆንም፤ ከግራ የሚመጣውን ልጅ መንገዱ አያውቀውም።

አንድ አስቸኳይ ነገርም አለ። ስለ ስትሮክ ምልክት ሲነገር ፊት መጣመም፣ ክንድ መዛል፣ አፍ መያዝ ይባላል። የኋላ አንጎል ስትሮክ ከነዚህ አንዱንም ላያሳይ ይችላል። ድንገት እይታ በግማሽ ሲጠፋ፣ ድንገት ሁለት ሁለት ሲታይ፣ ድንገት አንድ ዓይን ሲጨልም፣ በአሥር ደቂቃ ተመልሶ ቢበራም እንኳ፣ ሆስፒታል ነው። የረጋውን ደም የሚያሟሟው መድኃኒት በአብዛኛው የሚሰጠው ምልክቱ ከጀመረ በአራት ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው። «ተኝቼ ልነሳ፣ ነገ መነጽር ቤት እሄዳለሁ» ያሉ ሰዎች ያንን ጊዜ ተኝተውበት አልፏል።

ከፊት የተቀመጡት እናት ቅድም እጃቸውን አውጥተው ነበር፤ «ታዲያ በየት በኩል እንቀመጥ?» ነበር ጥያቄያቸው። መጀመሪያ ሰሞን፣ ሰውየው ገና ደክሞና ፈርቶ ሳለ፣ በሚያይበት በኩል ቅረቡት። አስፈላጊ ነገር፣ ውኃው፣ የጥሪ ደወሉ፣ ስልኩ፣ በሚያየው ጎን ይሁን። እየጠና ሲሄድ ጨዋታውን፣ የሚወደውን ሰው፣ ሬዲዮኑን ቀስ በቀስ ወደ ጠፋው ጎን አሻግሩ።

ያቺ ልጅ ያደረገችው እንዲህ ነበር። ጠዋት ስትገባ በቀኛቸው በኩል ቆማ «አባዬ» ትላለች። ዓይናቸው ሲይዛት እያወራች በአልጋው ግርጌ ዞራ ወደ ግራ ትሄዳለች፤ ቀስ ብላ፣ ዓይናቸው ሳይለቃት። መጀመሪያ ሰሞን አልጋው መሀል ላይ ስትደርስ ትጠፋባቸው ነበር፤ ትመለስና እንደገና ትጀምራለች። በአራተኛው ሳምንት ወንበሯ ድረስ ተከትለዋት ሄዱ። «እዚህ ወንበር ነበረ እንዴ?» አሏት።